የባለቤቱ አድራሻ

ሄራን ጓንጉል የተያዘችው በ2069 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በደቻቱ ድልድይ በር ላይ ነው። ከፊቷ አሥራ አንድ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። በሩ የእያንዳንዱን ሰው ዕቃ፣ መነጽሩን፣ ሰዓቱን፣ የጫማውን ሶል ሳይቀር፣ ከየት አገር እንደ መጣና ቀረጡ መቼ እንደ ተከፈለ ለራሱ እያጣራ አሳለፋቸው። ሰው ነገሩን ከመልመዱ የተነሣ በበሩ ሲያልፍ የጀመረውን ወሬ እንኳ አያቋርጥም። ተራዋ ሲደርስ ሄራን ቀኝ እግሯን አስቀደመች። በሩ አልተከፈተላትም። ጉልበቷም እጥፍ እንዳለ በዚያው ደርቆ ቀረ።

መጀመሪያ ባትሪው ያለቀ መስሏት ነበር። ጥበቃው ግን መዳፉ ላይ የበራውን ጽሑፍ አነበበና ድምፁን ሳይጨምር ወደ ጎን ፈቀቅ እንድትል ነገራት። ዕቃው በቀረጥ ጉዳይ መያዙን፣ መኪና እየመጣ መሆኑን፣ እስከዚያው ወንበር እንደሚሰጣት አስረዳት። ወንበሩንም አመጣላት። ከኋላዋ የነበሩት ሰዎች ዞር እያሉ አልፈዋት ወደ ሥራቸው ሄዱ። አንዲት ሴት ብቻ «አይዞሽ» አለቻት፤ እሷም ሳትቆም።

ሄራን ያን ጊዜ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሃያ ሁለቱን የኖረችው ወንዝ ስትጠብቅ ነው። ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ድንኳን ይተክልበታል፣ ግመል ይነዳበታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ግድግዳ አክሎ ይመጣና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። የሄራን ሥራ በየቀኑ ዳርቻውን ይዛ ወደ ላይ መውጣት፣ የውሃ መለኪያዎቹን ከአሸዋ መጥረግ፣ የተራራውን ደመና ማየት፣ ካስፈለገም ሰዉን ከአሸዋው ላይ ማስነሣት ነበር። መለኪያዎቹ ብቻቸውን ይበቃሉ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ አሸዋ ስለቀበራቸው ከተማው ሦስት እግረኛ ጠባቂዎች አስቀርቷል።

ያ ሁሉ ዳገት ጉልበቷን በላው። ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ ኢዮስያስ በኔትወርክ ገብቶ ከውጭ አገር ጉልበት አዘዘላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከጫማ ካርቶን በማትበልጥ ሳጥን ደረሰ። የተጠየቀው ቀረጥ ተከፈለ፤ ሳቢያን ሰፈር ያለ ክሊኒክ ገጠመላት። ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ሞተር አለችው። ሄራን እንደ ወጣትነቷ ዘመን ዳገት መውጣት ጀመረች።

ኢዮስያስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሄራን ራሷ ለጠየቃት ሁሉ ትናገር ነበር። በባቡር ጣቢያ የጉዞ ሰዓት ሠንጠረዥ የሚያወጣ፣ ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ወጥ ሲሠራ እንኳ ሽንኩርቱን እኩል እኩል የሚከትፍ ሰው ነው። የምትበላውን ያውቅላታል፣ የምትለብሰውን ያዝላታል፣ የሐኪም ቀጠሮ ይይዝላታል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሥራ ቦታዋ ስትደርስ ስሟ ከመዝገቡ ተሰርዞ አገኘችው። ኢዮስያስ በስሟ መልቀቂያ ጽፎ ነበር፤ አዲሱ ጉልበት እንዳይጎዳ አስቦ። አለቃዋን ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንታ ሥራዋን አስመለሰችና በዚያው ወር ከቤቱ ወጥታ ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ፍርድ ቤት ሲያለያያቸው የጠየቀችውን ሁሉ ሰጣት። ጉልበቷን እንደ ንብረት የቆጠረ ግን ማንም አልነበረም።

አሁን የተወሰደችው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የቀረጥ ቤት መጋዘን ነው። ክፍል አራት ይሉታል፤ በሩ ላይ «ሰው ያለባቸው ዕቃዎች» ተብሎ ተጽፏል። ንጹሕ ነው። አልጋ አለው፣ ቬንትሌተር አለው፣ ጠዋት ሻይና ዳቦ ይመጣል። ከቁርስ በፊት መጋዘን ጠባቂው ይዞራል። ሰዎቹ በየአልጋቸው አጠገብ ይቆማሉ፤ እሱ ስማቸውን አይጠራም፤ «የጆሮ መስሚያ፣ አንድ። መንጋጋ፣ አንድ። የልብ መቆጣጠሪያ፣ አንድ» እያለ ይቆጥራል። «ጉልበት፣ አንድ» ሲል ሄራን «አቤት» አለች። ሌሎቹ ዘወር ብለው አዩአት።

የልብ መቆጣጠሪያው ረድዋን የሚባል የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ክፍል አራት ከገባ ሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ያዘዘለት ልጁ ከአገር ወጥቶ አድራሻው ስለጠፋ ዕቃው ባለቤት አልባ ሆኖ ቀርቷል። በየቀኑ ሸሚዙን ተኩሶ ይለብሳል፤ የሚሄድበት ግን የለውም። ከቆጠራው በኋላ ወደ ሄራን ጠጋ ብሎ ምክር ሰጣት።

«የሚያወሩት ከዕቃው ጋር ነው። አንቺ መሐል እየገባሽ አትመልሺ፤ ትደክሚያለሽ።»

በሦስተኛው ቀን ሲፈን የምትባል የጉዳይ ኃላፊ ፊት አቀረቧት። ሲፈን ሠላሳ ዓመት የማይሞላት የድሬ ልጅ ነበረች። ድሬ ላይ ሰው አንቱ መባባል አይወድም፤ ልጅ አዋቂውን፣ ተማሪ አስተማሪውን አንተ ይላል፤ ማንም አይከፋውም። መጋዘኑ ውስጥ ግን ደንቡ ስለሚያዝ ሁሉም «እርስዎ» ይባላል። ሲፈን ትሕትና ባልተለየው ድምፅ ጉዳዩን አስረዳቻት። በዚህ ዓመት በወጣው ትርጓሜ መሠረት ሞተር ኖሮት የሰው ክብደት ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውር ማንኛውም ዕቃ ማጓጓዣ ነው። ትርጓሜው ወደ ኋላ አሥር ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ ጉልበቱ ያኔ በሕክምና ዕቃ ስም መግባቱ ስሕተት ነበር፤ የሚቀረጠው እንደ ተሽከርካሪ ነው። ሄራን ጥቂት አሰበችና ከደመወዟ በየወሩ እየተቆረጠ እንደምትከፍል ተናገረች።

«እርስዎ መክፈል አይችሉም» አለች ሲፈን። «የሚከፍለው ባለቤት ነው።»

«ባለቤት የለኝም። ከተለያየን ሦስት ዓመታችን።»

«የዕቃውን ባለቤት ነው ያልኩት።» ሲፈን ከፊቷ አየር ላይ የተንሳፈፈውን ጽሑፍ በጣቷ ገፋ አድርጋ አነበበች። «ያዘዘው ኢዮስያስ መኩሪያ። አድራሻ፣ ከዚራ። እርስዎ እዚህ የተመዘገቡት ‹ዕቃው ያለበት› ተብለው ነው።»

«እግሬ እኮ ነው።»

«እግሩን አልያዝነውም» አለች ሲፈን።

ከዚያ ያሉትን መንገዶች ነገረቻት። ባለቤቱ ቀረጡን አጠቃሎ እስኪከፍል ዕቃው መጋዘን ይቆያል። ወይም ባለቤቱ መክፈል ይጀምርና ዕቃው በእሱ አድራሻ ይቀመጣል፤ ከግቢው በር ሲያልፍ ይቆለፋል፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ግን በቀን አንድ ሰዓት መውጣት ይችላል። ባለቤቱ ዕቃውን በስሟ ካዛወረላት ደግሞ ዕዳውም አድራሻውም የእሷ ይሆናል፤ የትም ትሄዳለች። ዝውውሩ በጣት አሻራ የሚያልቅ፣ ደቂቃ የማይፈጅ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው መንገድ ለመንግሥት መተው ነው። ሲፈን ስለዚህኛው ብዙ አላወራችም፤ ዕቃው ይወጣል ብቻ አለች።

ሄራን ወደ አልጋዋ ተመልሳ ቀኑን ሙሉ አሰበች። ረድዋን ሸሚዙን ሲተኩስ አየችው፤ አጥፎ ሲያስቀምጠው፣ እንደገና አንሥቶ ሲተኩሰውም አየችው። በማግሥቱ ለኢዮስያስ እንዲደውሉለት ጠየቀች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ፣ በእጁ የእሷን የድሮ ነጠላ ጫማ ይዞ ነበር፤ እግሯ አብጦ ይሆናል ብሎ አስቦ። አልተመጻደቀም፣ ያለፈውን አላነሣም። ወረቀቱን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ስለ ስም ዝውውሩ ስትጠይቀው ወዲያው እሺ አለ፤ አሻራውን ለመስጠት ግን ከጣቢያው ማስረጃ ማምጣት እንዳለበት፣ ሳምንት እንደማይሞላ ነገራት። ሲፈን ቀና ብላ አየችው። አንዳች ልትናገር የፈለገች መሰለች፤ ግን ባለቤቱ ያለውን ማረም ሥራዋ አልነበረም።

ከዚራ ያለው የኢዮስያስ ቤት ሄራን ትታው እንደ ሄደችው ነበር። ግቢው በኒም ዛፎች የተሸፈነ ነው፤ የጓሮው አጥር ከደቻቱ ዳርቻ ጋር ይገናኛል። በሳሎኑ በኩል ያለውን ክፍል ለእሷ አዘጋጅቶ እሱ ወደ ጓዳው ክፍል ገባ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄራን ግቢው በር አጠገብ ትቆማለች፤ በሩ ጉልበቱን ቆጥሮ አረንጓዴ ያበራል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ትቆማለች። አንድ ጠዋት ተኝታ ዘገየችና በሩ ግቢውን ሁሉ እስኪያናጋ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ኢዮስያስ ሩብ ጉዳይ ሲል በሯን በስሱ ያንኳኳላት ጀመር።

አንድ ሰዓቷንም አይነፍጋትም ነበር። ገበያ ስትል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትል፣ ከስልኩ ላይ ይፈቅድላታል። ብዙውን ጊዜ አብሯት ይወጣል፤ ሰዓቱ አልቆ መንገድ ላይ እንዳትቆለፍ ብሎ። ሲመለሱ በትክክል አምስት ደቂቃ ይተርፋቸዋል። ሄራን አንዴ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወርዳ ነበር። በአሸዋው ላይ ጥቂት እንደ ሄደች ተመልሳ የምትደርስበትን ጊዜ ስታሰላ ራሷን አገኘችው፤ ቀና ብላ ተራራውን ሳታይ ዞረች። ከዚያ በኋላ ሰዓቷን ለገበያ ብቻ ትጠቀምበት ጀመር።

ሳምንቱ አለፈ። ሰኔም ገባ። ማስረጃውን የሚጽፈው ሰው ፈቃድ ላይ ነው አላት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ዕዳው በስሟ ከመዛወሩ በፊት ቢያቃልልላት እንደሚሻል፣ ደመወዟ ትንሽ መሆኑን አስታወሳት። ነገሩ እውነት ነበር፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሄራን አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ ዛሬውኑ አሻራህን ስጥ ብላ ለመነችው። ኢዮስያስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ብቻውን ሲበላ እንደ ኖረ፣ አሁን ቤቱ ሰው ሰው እንደሚሸት፣ የዘገየውም እሷን ለማሰር ሳይሆን አብሮ ለመሰንበት ያህል ብቻ እንደሆነ ነገራት። «ቆይ» አላት፣ «አዛውራለሁ። እምቢ አላልኩሽም።» እምቢ የሚልን ሰው መጣላት ይቻላል፤ ቆይ የሚልን ሰው ግን እንዴት እንደሚጣሉት ማንም አላስተማራትም።

በሥራ ቦታዋ ለጊዜው አዲስ ሰው ተተክቶባት ነበር። አለቃዋ አንዳንዴ እየደወለ፣ ልጁ ጎበዝ ቢሆንም ወንዙን ገና እንዳላወቀው ይነግራታል።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሄራን ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ቀና አለች። ከተማው ላይ ፀሐይ ጠራርታ ወጥታለች፤ ቆርቆሮው ይፋጃል። ደንገጎ ላይ ግን ደመናው ጠቁሮ፣ ጫፉ ሳይሆን እግሩ ሰፍቶ፣ ተራራውን እስከ ወገቡ ውጦት ነበር። ነፋሱ ከወንዙ በኩል የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ያሰጣችውን ልብስ ጥላ ስልኳን አነሣች፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቷ ደወለች። አለቃዋ መለኪያዎቹ ምንም አላሳዩም ሊላት ጀመረና ድምፅዋን ሲሰማ ተወው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የማስጠንቀቂያው ጩኸት በወንዙ ዳር ዳር ተለቀቀ። ሄራን በአጥሩ ቀዳዳ ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ሲሮጡ፣ ነጋዴዎቹ ድንኳን ሲነቅሉ አየች። ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ደወለች።

«ፈቃዱን ክፈትልኝ። ደቻቱ እየመጣ ነው።»

«ጩኸቱን ሰምቻለሁ» አለ። «ስለዚህ ነው ቤት መሆንሽ የሚሻለው። መንገድ ላይ ቢያገኝሽስ?»

«ይህ አጥር አይችለውም። ወደ ላይ ልውጣ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። ክፈትልኝ ኢዮስያስ።»

«ብቻሽን አትወጪም። ቆይ፣ እኔ እመጣለሁ፤ ደርሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ስትደውል መስመሩ ተይዟል፤ ከተማው ሁሉ እየደወለ ነበር።

ሄራን ወደ ግቢው በር ሄደች። መንገዱ ባዶ ሆኗል፤ ዳገቱ ላይ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሕፃናት አዝለው ሲወጡ ይታያሉ። ምናልባት በድንጋጤው ሳያስታውስ ከፍቶላት ይሆናል ብላ ቀኝ እግሯን ከደጃፉ አወጣች። ጉልበቷ ቀጥ ብሎ ተቆለፈ። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማችው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል የሚወርድ ማጉረምረም። አንድ እግሯ ውጭ አንድ እግሯ ውስጥ ሆኖ ዳገቱን በዓይኗ ለካችው፤ በተቆለፈ እግር ከውሃው ቀድሞ አይወጣም። ከዚያ በሁለት እጇ የተቆለፈውን እግር አቅፋ ጎተተችና ወደ ግቢው መለሰችው። መስመሩን እንዳለፈ ጉልበቱ ለቀቀ። እየሮጠች ወደ ጓሮ ሄዳ የውሃ ሮቶው የተቀመጠበትን የብረት ማማ በመሰላሉ ወጣች። የጓሮው አጥር ሲወድቅ አራተኛው እርከን ላይ ነበረች።

ውሃው ቡናማ ነበር፤ ዛፍ ይዟል፣ ጎማ ይዟል፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ እንዳለ ይዟል። ኒሞቹን እስከ ግማሽ ግንዳቸው ሸፈናቸው። በሳሎኑ መስኮት ገብቶ በወጥ ቤቱ በር ወጣ። ማማው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም። ሄራን ሮቶውን አቅፋ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየች። አልጮኸችም። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ከዚህ ውሃ ፊት ስታስነሣ ኖራ፣ ራሷን ማስነሣት ያቃታት በአንድ የደጃፍ ስፋት መሆኑን ብቻ ደጋግማ አሰበች።

ኢዮስያስ የመጣው ውሃው ሲጎድል ነው። እስከ ደረቱ ጭቃ ሆኗል፤ አንድ ጫማው የለም። እንደ ሕፃን እያለቀሰ መሰላሉን ወጣና እግሯን አቀፈ። ድልድዩ ተዘግቶበት፣ ለፖሊስ ለምኖ፣ በመጨረሻ በገመድ ተሻግሮ እንደመጣ ነገራት። እውነቱን ነበር። ሊሞትላት ይችል ነበር፤ ያን ቀን ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ፊቱን ጠረገና፣ «አየሽ» አላት፣ «እዚያ ወንዝ ዳር ሥራ ላይ ብትሆኚ ኖሮ ዛሬ አልቆልሽ ነበር።»

ሄራን ከላይ ወደ ታች አየችው። የተናደደችም የተቀየመችም አትመስልም ነበር፤ ሒሳብ ስትሠራ ቆይታ መልሱ እንደ ወጣላት ሰው ነበረች።

በማግሥቱ ጠዋት እሱ ጭቃ ሲዝቅ ለሲፈን ደወለች። ዕቃውን ለመንግሥት መተው እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሲፈን እንደ ደንቡ አስረዳቻት። ‹ዕቃው ያለበት› ለሚባል ሰው ሕጉ የተወለት መብት ይህ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ይነገረዋል እንጂ ሊከለክል አይችልም። ጉልበቱ ከወጣ በኋላ ሌላ የሚገባበት አጥንት አይቀርም። እግሩ በብረት ይያዛል፤ ቀጥ ብሎ ይድናል፤ ከእንግዲህ አይታጠፍም። ሐሳቧን መለወጥ የምትችለው ማደንዘዣው እስኪሰጣት ድረስ ነው። ይህን ሁሉ አንብባ ስትጨርስ ሲፈን ከደንቡ ወጣች። ቀጥሎ ያወራችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

«እትዬ ሄራን፣ አንቺ በደንብ አስበሽበታል?»

«እሱ ነው ያሰበልኝ» አለች ሄራን። «መዝግቢኝ።»

ቀጠሮው ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ሆነ። ኢዮስያስ ማስታወቂያው በደረሰው ቀን ራት አልበላም። በማግሥቱ ሁሉን ረስቶ የሚያባብል ሰው ሆነ። አጥሩን በድንጋይ አሠራ። ማማው ላይ ወንበር አስገጠመላት፤ ተራራውን እንድታይበት። በስሟ ማዛወሩ ግን አሁንም ነገ ነበር፤ ሐሳቧን ትለውጣለች ብሎ ተስፋ ያደረገ ይመስላል፤ ከለወጠች ደግሞ ማዛወሩ ምን ያስቸኩላል?

መስከረም ሁለት ቀን ሲፈን ራሷ መጥታ በቀረጥ ቤቱ መኪና ወደ ክሊኒኩ ወሰደቻት። ሄራን ነጭ ጋውን ለብሳ ኮሪደሩ ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተኝታ ተራዋን ስትጠብቅ ኢዮስያስ እያለከለከ ገባ። እጁ ላይ ወረቀት ነበር።

«አዛወርኩት» አላት። «ይኸው አሻራዬ። ዛሬ ጠዋት ነው የሰጠሁት። ያንቺ ነው፤ ተነሺ፣ እንሂድ።»

ሄራን ተቀብላ አነበበችው። ዝውውሩ እውነት ነበር። በሦስተኛው አንቀጽ፣ ዝውውሩ በስጦታ መልክ ስለሆነ ሰጪው ለአሥር ዓመት ዋስ እንደሚሆን፣ ተቀባይዋ አድራሻ ስትለውጥ የዋሱ ስምምነት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ቀና ብላ ሲፈንን አየቻት። ሲፈን ሌላ የዝውውር ዓይነት መኖሩን፣ በሽያጭ ቢሆን ኖሮ ዋስ እንደማያሻው፣ የመረጠው ባለቤቱ መሆኑን ነገረቻት።

«አንብበኸዋል?» አለችው ሄራን።

«ሥርዓት ነው እንጂ ምንም አይደለም» አለ። «እኔ እምቢ የምልሽ ይመስልሻል? መቼም እምቢ አልልሽም።»

«አውቃለሁ። የጎርፉ ዕለትም እምቢ አላልከኝም። ቆይ ብቻ ነው ያልከኝ።»

ሄራን ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችለትና ነርሷን በዓይኗ ጠራቻት። አልጋው ሲገፋ ኢዮስያስ ሁለት እርምጃ ተከተለ፤ በሩ ሲዘጋ ቆመ። ሲፈን በኋላ እንደ ነገረቻት ኮሪደሩ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ደረሰኝ ተሰጠው፤ ፈርሞ ሄደ።

ሄራን ክሊኒኩ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን ተኛች። ሕመሙ ከባድ ነበር፤ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት የሌለው ጉልበት ልታጠፍ ልታጠፍ ይላት ነበር። አለቃዋ ሊጠይቃት መጣ። እግረኛ ጠባቂነቱ ማክተሙን ሁለቱም ስላወቁ አላነሡትም። የማስጠንቀቂያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተራራውን የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ አመልክቻለሁ፣ መልሱ ግን አልመጣም አላት። ገንደ ቆሬ ያለችው ክፍሏ አራት ወር ተቆልፋ ቆይታለች፤ አከራይዋ ለሌላ አልሰጠችባትም። ኢዮስያስ አልመጣም። ልብሷን አጥቦና ተኩሶ በሻንጣ ላከላት፤ ተረከበችው።

በወጣችበት ጠዋት በሁለት ክራንች እየተደገፈች የክሊኒኩን ደረጃ ወረደች። ደረጃው ስድስት ነበር፤ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ታች አንድ ባጃጅ ቆሟል። ሾፌሩ ሽበታም፣ ወፍራም ሰው ነው። ክራንቹን ተቀብሎ ደግፎ ሊያስገባት ሞከረ፤ እግሯ አይታጠፍምና አልገባ አለ። በግራ በኩል ሞከሩ፣ በቀኝ በኩል ሞከሩ። በመጨረሻ በጎን አስቀመጣትና ቀኝ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ በበሩ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀረ።

ሾፌሩ ወደ ኋላ ሄዶ እግሩን ከሩቅ አየው፤ ራሱን አከከ። ከዚያ ከወንበሩ ሥር የቆሸሸ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ መጣና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ማሰር ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ወጣ ያለ ጭነት ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል» አላት ሾፌሩ፣ በፍጹም ቁም ነገር። «ትራፊክ እንዳይዘኝ ነው።»

ሄራን ጨርቁን ዝቅ ብላ አየችው። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ያዛት። ስፌቷን አሳመማት፤ ቢሆንም ማቆም አልቻለችም። ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ያስቀየማት ስለመሰለው ሊፈታው ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ እሰረው» አለችው። «ጠበቅ አድርገህ እሰረውና ገንደ ቆሬ ውሰደኝ። በቀስታ ሂድ፤ አልቸኩልም።»

ባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ ከበሩ ወጣ። ቀዩ ጨርቅ በነፋሱ ይርገበገብ ነበር፤ ከኋላ የሚመጡት መኪኖችም አይተው መንገድ ሰጡ።